መጻሕፍትን የቆጠሩትን ሰው በትክክል እንቁጠራቸው፤ ስለ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከአዳማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዳማ ከተማ ለሚገኙ የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ ለአማርኛ መምህራን፣ ለሚኒ ሚዲያ ክበባት፣ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች

ጉዳዩ፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወትና መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ ካርድ፣ በግድግዳ ጽሑፍና በመድረክ ሲቀርቡ የሚደጋገሙ ስሕተቶችን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝሩን አስፍተው እንደገና አወጡት። በዚያ ዘመን የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ገና በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ብራናው በየገዳሙ ተበትኖ ነው። ማን ምን እንደጻፈ መዝግቦ ማኖር ሥራ ነው ብለው የተነሡ ሰው ናቸው። የእኚህ ሰው መጻሕፍት ዛሬ በመደርደሪያችን ላይ የተሳሳተ ዓመት፣ የተዛባ ርዕስ፣ አንዳንዴም የተገለበጠ ስም ይዘው ሲቀመጡ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልንም። ይህን የምንጽፈው አሮጌ መጻሕፍት የምንጠግንና የምንዘረዝር ሰዎች ነን። ስሕተቶቹ ጥቂት ዓይነት ናቸው፤ ምንጫቸው ከታወቀ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታረሙም ናቸው።

መጀመሪያ ሕይወታቸውን በአጭሩ፦ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የተማሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ በእንጦጦ ራጉኤልም አገልግለዋል። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ከላይ ያልነው የመጻሕፍት ዝርዝር የወጣው ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሠርተዋል፤ የውጭ አገር ሰዎችና የአገሬው ሰው የሚካሰሱበትን ልዩ ፍርድ ቤት መርተዋል፤ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ይህን ሁሉ ሹመት ተሸክመው ከ20 በላይ መጻሕፍት ጻፉ፦ ታሪክ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ቅኔ፣ ምክር፣ የሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ ልብ ወለድ። የራሳቸውን ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። ፋሺስት ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። የስደቱ ባቡር ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ሲነጉድ ያለፈው በእኛው በአዳማ ሐዲድ ላይ ነው። በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ የሚበላሸው ዓመት ላይ ነው። በኅሩይ ሕይወት ውስጥ አንድ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ነገር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሌላ ነገር የሚሆንበት ቦታ ይበዛል። 1923ን እንውሰድ። «ወዳጄ ልቤ» የታተመው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. 1922/23 ይሆናል። «የልብ አሳብ» ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ታተመ፤ እ.ኤ.አ. 1930/31 መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከውጭ ከተጻፈ መጽሐፍ «1923» የሚለውን ቁጥር ቀድቶ «ዓ.ም.» ሲጨምርበት የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሁለተኛውን ልደት ይወስዳል። ሌላው ተማሪ ደግሞ «የልብ አሳብ» ሥር የተጻፈውን 1923 የፈረንጅ መስሎት 8 ይቀንስና 1915 ያደርገዋል። ሁለቱ ካርዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መጻሕፍቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ሁለቱም ርዕስ ውስጥ «ልብ» የሚል ቃል ስላለ ስሕተቱን የሚጠረጥር አይገኝም።

1924ም እንዲሁ ነው። ኅሩይ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የዞሩት እ.ኤ.አ. በ1924፣ ማለትም በ1916 ዓ.ም. ነው። ወደ ጃፓን የሄዱት ደግሞ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የታተመውም በዚያው ዓመት ነው። አቆጣጠሩ ያልተጻፈበት 1924 ፓሪስንና ቶኪዮን በአንድ ዓመት ያስጎበኛቸዋል። ከሁሉ የከፋው 1931 ነው። እ.ኤ.አ. 1931 የጃፓን ጉዞ ዓመት ነው፤ 1931 ዓ.ም. የዕረፍታቸው ዓመት ነው። «በ1931 ጃፓን ሄደው በ1931 ዐረፉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ቁጥር ከትክክለኛ መጽሐፍ ነው የቀዳው፤ የጎደለችው «እ.ኤ.አ.» የምትለው ቃል ብቻ ናት። በዚህ ስሌት የጃፓኑን መጽሐፍ ማን እንደጻፈው ተማሪው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን። በካርዱ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ ያለው ዓመት እንዳለ ነው፤ በግእዝ ቁጥር ከሆነ በግእዝ ቁጥር። ቀጥሎ በተለመደው ቁጥር ከ«ዓ.ም.» ጋር። የፈረንጁ ዓመት ካስፈለገ ወሩ እስካልታወቀ ድረስ በሁለት ዓመት ይጻፍ፦ 1922/23፣ 1930/31። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለታተመ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8። ወሩ ሳይታወቅ 8 ብቻ መደመር ልማድ ሆኗል፤ ይህ መገመት ነው። ቀን ስትቀይሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት የኛ ዘመን መለወጫ የሚውለው በሴፕቴምበር 10 ነበር፤ አሁን በ11 ነው (ከኛ ጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ በአንድ ቀን ይዘገያል)። አንዳንድ የስልክ መቀየሪያዎች የዛሬውን ልዩነት ለሁሉም ዘመን ያውሉታል። ኅሩይ የተወለዱት በዚያኛው ዘመን ስለሆነ የልደት ቀን በአንድ ቀን የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

የግእዝ ቁጥር ማንበብም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፲፱፻፲፭ ሲነበብ ፲፱ (19) በ፻ (100) ተባዝቶ ፲፭ (15) ይደመርበታል። ተማሪዎች ፲፱፻ን «10፣ 9፣ 100» ብለው ደምረው ሲቸገሩ አይተናል። በፎቶኮፒ በደበዘዘ ገጽ ላይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ፤ ፳ እና ፴ም አልፎ አልፎ። ጥርጣሬ ካለ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥቶ ከጎን ብርሃን ማየት ነው፤ የድሮ ማተሚያ ፊደሉን ወረቀቱ ውስጥ ስለሚያጎድጉድ ቀለሙ ቢጠፋም ጉድጓዱ ይታያል። ለዚህ ግን ዋናው መጽሐፍ እንጂ ቅጂው አይሆንም።

ወደ ስም እንለፍ። ኅሩይ በሦስት ዓይነት ይጻፋሉ፦ ኅሩይ፣ ሕሩይ፣ ህሩይ። ሥላሴ በሁለት፦ ሥላሴ፣ ስላሴ። ወልደ ሥላሴ ተለያይቶም ተገጥሞም ይጻፋል። 3 በ2 በ2፤ አንድ ሰው 12 ሆነ። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ «ህሩይ» ብሎ ለፈለገ አንባቢ «ኅሩይ» ተብሎ የተመዘገበውን አያወጣለትም። አንባቢውም «የለም» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው ርዕሱንና ስሙን ማቅለል አይደለም። በአንድ ዓምድ ውስጥ መጽሐፉ እንደጻፈው እንዳለ ይመዝገብ፤ በሁለተኛ ዓምድ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተቃለለ አጻጻፍ ይግባ፦ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ክፍተቱም ይወገድ። እነዚህን ሆሄያት በሰንጠረዥ ሶፍትዌር ውስጥ «ፈልግና ተካ» እያሉ መለወጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ከእያንዳንዱ ሆሄ 7ቱም ቅርጽ መለወጡን አትርሱ። ሐን ቀይሮ ሕን የተወ ሰው ምንም አልሠራም፤ «ሕሩይ» በሳድስ ነው የሚጀምረው። በከተማችን በቁቤ የሚፈልግ አንባቢም ስላለ በሦስተኛ ዓምድ የደራሲው ስም በቁቤ አንድ ጊዜ ተወስኖ ይግባ። አንድ መዝጋቢ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ከጻፈ ግን ባይኖር ይሻላል።

የስሙ አቀማመጥስ? ካርዱ የሚጀምረው በ«ኅሩይ» ነው። «ወልደ ሥላሴ፣ ኅሩይ» ብሎ መገልበጥ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ልማድ ነው፤ ወልደ ሥላሴ ግን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። በ«ብላቴን ጌታ» መጀመርም ስሕተት ነው። ማዕረግ በፊደል ተራ ውስጥ አይገባም፤ ከገባ ኅሩይን «ብ» ሥር፣ ሌላውን ደራሲ «ደ» ሥር በደጃዝማችነቱ፣ ሌላውን «ፊ» ሥር ፈልጉ ማለት ነው። ማዕረጉ ከስሙ በኋላ በቅንፍ ይቀመጥ።

አሁን ርዕሶቹ ጋ ደረስን፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን፤ መጽሐፉን ሳይከፍቱ በርዕሱ ብቻ መመደብ ያመጣው ጣጣ ብዙ ነውና። «ዋዜማ» (1921 ዓ.ም.) ልብ ወለድ ይመስላል፤ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት የተጻፈ ታሪክ ነው። «የሕይወት ታሪክ» (1915 ዓ.ም.) ኅሩይ ስለ ራሳቸው የጻፉት ተደርጎ ይመዘገባል፤ እሱ ግን «በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ» ይሆን ዘንድ የሌሎችን ሰዎች ሕይወት በአጭር በአጭሩ የሰበሰቡበት ነው። አንድ ሚኒ ሚዲያ ከዚህ መጽሐፍ የሌላ መኳንንት ሕይወት ቀድቶ የኅሩይ ነው ብሎ ቢያነብ መጽሐፉ አልዋሸም፤ የዋሸው የካርዱ ምድብ ነው። «ደስታና ክብር» (1916 ዓ.ም.) የአልጋ ወራሽ ተፈሪን የአውሮፓ ጉዞ የሚተርክ ነው። «ጎሐ ጽባሕ» የሚለው ስም ደግሞ የመጽሐፍም የማተሚያ ቤታቸውም ስም ነው፤ በርዕስ ገጹ ግርጌ «ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት» የሚለውን አይቶ መጽሐፉን «ጎሐ ጽባሕ» ብሎ የመዘገበ ሰው አንድ መጽሐፍ አጥፍቶ ሌላ የሌለ መጽሐፍ ፈጥሯል። ማተሚያ ቤት ከግርጌ፣ ርዕስ ከአናት፤ ይኸው ነው። «አዲስ ዓለም»ንም ስለ አዲስ ዓለም ከተማ የተጻፈ መስሏቸው ጂኦግራፊ ውስጥ የከተቱ አይጠፉም።

ልብ ወለዶቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፦ «ወዳጄ ልቤ»፣ «የልብ አሳብ»፣ «አዲስ ዓለም»። ይህን ዝርዝር በቃላችሁ ብትይዙት አብዛኛው የምድብ ስሕተት ይቀራል።

«ወዳጄ ልቤ» ምሳሌያዊ ነው። እንግሊዛዊው ጆን በንያን የክርስቲያንን ጉዞ በተረከበት መንገድ የሰው ጠባይ ሁሉ ሰው ሆኖ ይናገራል፤ ተራኪው ከገዛ ልቡ ጋር ይነጋገራል። «የልብ አሳብ» ሙሉ ርዕሱ «የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የሚል ይጨምራል፤ ይህን ጭማሪ ከካርዱ አታስቀሩት፤ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርን የሚቃወም፣ የተጋቢዎቹን መብሰል፣ ፈቃድና የቁርባን ጋብቻን የሚያከብር ታሪክ ነው። ርዕሱ ውስጥ «አሳብ» በአሌፉ አ ነው፤ «ሐሳብ» ብላችሁ አታርሙት።

«አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) በእኛ ፍርድ ከሦስቱ ለዛሬ አንባቢ የሚቀርበው ነው። ዐወቀ የሚባል ወጣት ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። ተመልሶ የሚጋጨው ግን ከመንግሥት ወይም ከጠላት ጋር ሳይሆን ከዘመድ ጋር ነው፤ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በተዝካር። አባቱ ሲሞት ወገኖቹ ስም የሚያስጠራ ድግስ ይጠብቃሉ፤ እሱ ለጠጅና ለሥጋ ገንዘብ መበተን ለሟች ነፍስ ምን ይጠቅማል ይላል። ይህ ክርክር በአዳማ ቤቶችም በእያንዳንዱ ዓርባና ሙት ዓመት የሚነሣ ነው፤ ተማሪዎች ገጹን ሲያነቡ ማብራሪያ አይፈልጉም። ኅሩይ ጎበዝ የሆኑት እዚህ ላይ ነው፦ ዐወቀን ወግ የሚያፈርስ ፈረንጅ አምላኪ አላደረጉትም። በትዕግሥት እያስረዳ ከቤተ ክርስቲያን ደንብ ራሱ ማስረጃ እያወጣ ይከራከራል። ሚኒስትር ሆነው ሳለ ይህን መጻፋቸው ደግሞ ድፍረት ነው፤ አገሬው እንዲለወጥ የሚፈልገው መንግሥት ሰው ስለሆኑ ነው ብሎ የሚያቃልለው ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ከዐወቀ አፍ የሚወጣው ቃል የአዋጅ ቃል አይደለም።

በመድረክ ላይ «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ» ብላችሁ አታስተዋውቋቸው። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳትመዋል፤ እዚያም መጽሐፍ ላይ ችግር አለ፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም የተለመደው በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው እትም ላይ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ኅሩይን በትክክል ማስተዋወቅ የፈለገ፦ በአዲስ አበባ፣ በተራው ሰው አማርኛ፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው ልብ ወለድ ያሳተሙ ቀዳሚ ደራሲ ይበል። ከበቂ በላይ ክብር ነው።

ንባብ ለምታዘጋጁ መምህራን አንድ ምክር። በ«ወዳጄ ልቤ» አትጀምሩ። ቀድሞ የወጣው እሱ ነው ተብሎ በዕድሜ ተራ ሲነበብ ተማሪው በሦስተኛው ገጽ ይሰለቻል፤ ምሳሌውን ለመፍታት የቤተ ክህነት ቃል ይጠይቃል። ከ«አዲስ ዓለም» የተዝካሩን ክርክር ቀንጭቡ፤ ከ6 እስከ 8 ገጽ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ሁለት አንባቢ አቁሙ፤ አንዱ ዐወቀን፣ ሌላው ዘመዶቹን ያንብብ። የድሮው ጽሑፍ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ያኖራል፤ ይህን ያልለመደ ልጅ በየቃሉ ይቆማል። ንባቡ ከመጀመሩ በፊት አንድ አንቀጽ ሁለት ነጥቡን እያለፈ እንዲለማመድ 5 ደቂቃ ስጡት። ነጥቦቹን አጥፍታችሁ በኮምፒውተር ካጻፋችሁለት ደግሞ ያንኑ ቅጂ «የኅሩይ አጻጻፍ» ብላችሁ አትለጥፉ።

ቀጥሎ ወረቀቱ። የ1910ዎቹና የ1920ዎቹ ወረቀት ብዙው ከእንጨት ልም የተሠራ ነው፤ በውስጡ አሲድ ስላለ ይቢጫል፣ ጠርዙ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰባበራል። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ሙቀቱ ይህን ያፋጥነዋል። በተለይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ፊት የተቀመጠ መጽሐፍ ቶሎ ያረጃል። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ ገጹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። መደርደሪያው ከወለል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ምስጥ በግድግዳ ነው የሚወጣው። አቧራ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ይጠረጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ ጭቃ ሆኖ ይጣበቃል።

ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከምስጥ ይልቅ ፈቃደኛ ሰው ነው። ስኮች አትለጥፉ። ስኮቹ በጥቂት ዓመታት ይላቀቃል፤ ማጣበቂያው ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ፊደሉንም ይዞት ይሄዳል። ላሚኔት ማድረግ ከዚያ ይብሳል፤ ሙቀት ያበስለዋል፣ ላስቲኩ አሲዱን ከውስጥ ያፍነዋል፣ መመለሻም የለውም። ስቴፕለር ይዝጋል። ነጩ ኮላ ለአዲስ ጥራዝ ይሁን እንጂ ለእነዚህ ገጾች አይሁን፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ወረቀቱ ከኮላው ጠርዝ ላይ ይሰበራል።

የተቀደደ ገጽ የሚጠገነው በስንዴ ስታርች ነው፤ በዱቄት አይደለም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነፍሳት ይጠራል። 1 እጅ ስታርች በ4 እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥ፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ በዝግታ እሳት ላይ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይብሰል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ሲያሳልፍና ከማማሰያው ላይ ሲንጠለጠል ደርሷል። ሲቀዘቅዝ በወንፊት ይለፍ፤ በንጹሕ ውኃ እንደ እርጎ ይቅጠን። ከ4 ወይም 5 ቀን በላይ አይቆይም፤ ከኮመጠጠ ይደፋ። የሚለጠፍበት ወረቀት ስስ የጃፓን ወረቀት ነው፤ በመቀስ ሳይሆን በውኃ ተሰምሮ በእጅ ይቀደድ፤ ጭረቶቹ ከገጹ ጋር እንዲያያዙ። ከላይና ከታች የማይጣበቅ ጨርቅና መምጠጫ ወረቀት አድርጎ፣ ክብደት ጭኖ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። በአዳማ ሙቀት ቶሎ የደረቀ ይመስላል፤ ቶሎ ከተነሣ ግን ገጹ ይጨማደዳል። የ«ሀገረ ጃፓን» ደራሲ መጽሐፍ በጃፓን ወረቀት መጠገኑ እኛንም ፈገግ ያሰኘናል።

ብል የገባበት መጽሐፍ ላይ ፍሊት አትንፉ፤ ጋዝም አትቀቡ። በላስቲክ ከረጢት አየሩ ወጥቶ በደንብ ይታሸግ፤ በቤት ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ ከረጢቱ ሳይከፈት አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጥ፤ ወዲያው ከተከፈተ የውጭው እርጥበት ገጹ ላይ ጤዛ ይሆናል።

ፎቶኮፒን በተመለከተ፦ እነዚህን መጻሕፍት ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቅጂ ቅጂ ነው። በአማርኛ ላይ ፎቶኮፒ የሚያደርሰው ጉዳት ልዩ ነው፤ ትንሿ ቅጥያ ስትጠፋ «ሉ» «ለ» ትሆናለች፣ «ቡ» «በ» ትሆናለች፤ ቃሉ ሳይሰበር ትርጉሙ ይለወጣል። መጽሐፉን ደፍቶ ክዳኑን መጫን ጀርባውን ይሰብረዋል። በስልክም ቢሆን ከላይ ፎቶ ማንሣት ይሻላል፦ መጽሐፉ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ብቻ ተከፍቶ በሁለት ትራስ ይደገፍ፤ ስልኩ በማቆሚያ ይታሰር፤ ብርሃን ከሁለት ጎን ይምጣ፤ ፍላሽ ይጥፋ። ስካነር ካለ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሣው የነጥብ ብዛት) ለንባብ ይበቃል፤ ፊደሉ ለደቀቀ 400። ጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም አንሡት፤ የደበዘዘ ፊደል ከቢጫ ወረቀት የሚለየው በቀለም ነው። ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ባዶ ገጹም ጭምር ይነሣ። ሰዎች «ምንም የለውም» ብለው የሚዘሉት ገጽ ብዙ ጊዜ ማተሚያ ቤቱና ዓመቱ ያለበት ነው፤ ከላይ ያልነው የዓመት ጣጣ ሁሉ ከዚያች ከተዘለለች ገጽ ይነሣል። ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ቴሰራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛ ያውቃል፤ በድሮ ፊደል ላይ ግን ሁለት ነጥቡን እየጣለ ቃላት ያጣብቃል፤ ያለ ሰው አራሚ አትልቀቁት።

የቅጂ መብት ለሚያሳስባችሁ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ኅሩይ ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለሆነ የመጻሕፍታቸው ዘመን አልፏል፤ ዋናውን እትም ማባዛት ትችላላችሁ። በኋላ የወጡ እትሞች መቅድምና ማብራሪያ ግን የጻፏቸው ሰዎች ንብረት ነው፤ አብራችሁ አታባዙ። ይህን ፈቃድ በ1979 ዓ.ም. ላረፈው ለብርሃኑ ዘሪሁን መጻሕፍት አታውሉት፤ የእሱ 50 ዓመት ገና አልሞላም።

አሮጌ መጽሐፍ የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለእናንተም ጥቂት ቃል። ስታስጠርዙ ጠርዙን አታስከርክሙ፤ አሮጌውን ሽፋን ከአዲሱ ሥር አኑሩት እንጂ አትጣሉት። የቀድሞ ባለቤት ስም፣ የትምህርት ቤት ማኅተም፣ ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት ዘመን የተመታ ማኅተምም ቢሆን አይፋቅ፤ መጽሐፉ የት የት እንደነበረ የሚናገረው እሱ ነው። የርዕስ ገጽ የሌለው መጽሐፍ ቢገባላችሁ የገጹን ብዛት፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ውስጡ አኑሩ፤ ከሌላ ቅጂ ጋር ለማመሳከር ይህ ይበቃል። በተለይ «የኢትዮጵያ ታሪክ» የሚለው የኅሩይ መጽሐፍ ሲታተም ወረራው ስለደረሰበት ከዚያ ዘመን የተረፈው ጥቂት ነው። ፋብሪካ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ሽፋን የሌለው፣ በሁለት ነጥብ የተጻፈ ታሪክ ካገኛችሁ ለመጠቅለያ ከመስጠታችሁ በፊት ለሚያውቅ አሳዩት።

በመጨረሻ ለካርዱ አንድ መስመር እንድትጨምሩ እንጠይቃለን። ከስም፣ ከርዕስ፣ ከዓመት፣ ከማተሚያ ቤት፣ ከገጽ ብዛትና ከመጠን በታች «መዝጋቢው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ያየ ☐፤ ከሌላ ዝርዝር የቀዳ ☐» የሚል ይታተም። ሁለተኛዋ ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነውር አይደለም። ነውሩ ያልታየውን እንደታየ መመዝገብ ነው፤ ከተቀዳ ደግሞ ከየት እንደተቀዳ በካርዱ ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ መጽሐፉ አንድ ቀን ሲገኝ የሚታረም ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣

አሮጌ መጻሕፍት የምንጠግንና የምንዘረዝር
አዳማ